ከወለደች በኋላስ? ስለ ማርያም ዘላለማዊ ድንግልና ለሉተራን አማኝ የቀረቡ አራት አቋሞች ሲነጻጸሩ

አክስቴ በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ለልደታ ንፍሮ ትቀቅላለች፤ ደጅ ላይ ጎረቤት ይሰበሰባል። እኔ ያደግሁት በመካነ ኢየሱስ ነው፤ የእርሷ ቤት የማርያም ቤት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ንፍሮውን በሳህን እያቀበለችኝ «አንተ ልጅ፣ እናንተ የእመቤታችንን ድንግልና ትክዳላችሁ አሉ፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ኧረ እትዬ፣ አንክድም» አልኋት። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ መልስ ግን አልነበረም። በዚያው ሰሞን በጸሎት ቡድናችን አንድ ወንድም ማርያም ከኢየሱስ በኋላ ቢያንስ ስድስት ልጆች እንደወለደች በእርግጠኝነት ሲያስተምር ሰማሁ። እርሱም እንደ እኔ ሉተራን ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለማጥናት ጊዜ ሰጠሁት። ያገኘሁት አንድ የሉተራን መልስ ሳይሆን አራት መልሶች ነው፤ አራቱም በሉተራን ቤት ውስጥ በቅን ልብ ሲያዙ የኖሩ ናቸው። ይህን የምጽፈው ከአራቱ የትኛውን ይዞ እንደሚቆም መወሰን ለሚፈልግ፣ የእናቱን ወይም የአክስቱን ልብ ሳይሰብር ለቃሉም ታማኝ ሆኖ መኖር ለሚሻ ሰው ነው። የታሪክ ቀኖቹና ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ ለምርጫ የማይቀርበው

የኦርቶዶክስ መምህራን ነገሩን በሦስት ይከፍሉታል፦ ቅድመ ወሊድ፣ ጊዜ ወሊድ፣ ድኅረ ወሊድ። ይህን አከፋፈል ከእነርሱ መዋስ ብዙ ጭቅጭቅ ያስቀራል፤ ምክንያቱም ሦስቱ ጥያቄዎች በሉተራን ዘንድ እኩል ክብደት የላቸውም።

ቅድመ ወሊድ ላይ ምርጫ የለም። ጌታ ያለ ወንድ ዘር፣ በመንፈስ ቅዱስ ከድንግል ተፀነሰ። የሐዋርያት የእምነት መግለጫ ይህን ይላል፣ ኒቅያም ይላል። በ1529 የወጣው የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም «ከድንግል ማርያም የተወለደ» ብሎ ሕፃናት በቃላቸው እንዲይዙት አድርጓል። በ1530 ለንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ የቀረበው የአውግስቡርግ የእምነት መግለጫም በሦስተኛው አንቀጽ ይደግመዋል። ይህን የሚክድ ሰው ሌላ ሃይማኖት ይዟል እንጂ ሌላ የሉተራን አቋም አልያዘም።

«የእግዚአብሔር እናት» የሚለውም ስም ለምርጫ የሚቀርብ አይደለም። በአገራችን ወንጌላውያን መካከል ይህን ስም ሲሰማ ፊቱን የሚያዞር ብዙ ሰው አለ፤ ያሳዝነኛል። በ1577 የተጻፈው የስምምነት ድንጋጌ የተባለው የሉተራን የእምነት መግለጫ ስለ ክርስቶስ አካል በሚናገርበት በስምንተኛው አንቀጽ ማርያም በእውነት የእግዚአብሔር እናት መሆኗን በግልጽ ቃል አስፍሯል። በ431 የኤፌሶን ጉባኤ፣ ማርያም የእግዚአብሔር እናት መባሏን የተቃወመውን ንስጥሮስን ሲያወግዝ የጠበቀው እውነት ይኸው ነው። ስሙ የሚጠብቀው ልጁን ነው፤ ከእርሷ የተወለደው ከመጀመሪያው አምላክ ካልነበረ በመስቀል ላይ የሞተልን ማን ነው?

እንግዲህ ልዩነቱ ያለው በቀሩት በሁለቱ ላይ ነው፤ ይልቁንም በድኅረ ወሊድ።

ሉተር ራሱ የት ቆመ?

በ1523 መጀመሪያ ላይ ሉተር አንድ ክስ ደረሰው። በኑርምበርግ በተሰበሰቡት መኳንንት ዘንድ፣ ኢየሱስ ከዮሴፍ ዘር ተወለደ፣ ማርያምም ድንግል አልነበረችም ብሎ ያስተምራል ተብሎ ተወራበት። ሉተር መልሱን በጽሑፍ አወጣ፤ ርዕሱ ኢየሱስ ክርስቶስ አይሁዳዊ ሆኖ ተወለደ የሚል ነው። በዚያ ጽሑፍ ስለ ድኅረ ወሊድ የተናገረው አጭር ሆኖ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል፣ መጽሐፍ በዚህ ጉዳይ አይከራከርም፣ ድኅነታችን በዚህ ላይ የቆመ ይመስል የሚጨነቁትም ግብዞች ናቸው ይላል። በሌላ በኩል፣ ድንግልናዋን በኋላ አጣች የሚል ቃል በመጽሐፍ ስለሌለ ድንግል ሆና እንደቀረች መያዝ ይበቃናል ይላል።

ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። ብዙ ሰው አንዱን ወስዶ ሌላውን ይተዋል። የመጀመሪያውን ብቻ የያዘ «ሉተር ግድ አልነበረውም» ይላል፤ ሁለተኛውን ብቻ የያዘ «ሉተር እንደ ኦርቶዶክስ ያምን ነበር» ይላል። ሉተር ግን ያምን ነበር፣ የእምነት ማስገደጃ ግን አላደረገውም።

በ1528 ስለ ክርስቶስ እራት በጻፈው ኑዛዜ ደግሞ ሌላ መስመር አለ። ጌታ በኅብስቱና በወይኑ እንዴት እንደሚገኝ ሲያስረዳ፣ ከተዘጋ መቃብር እንደወጣ፣ በተዘጋ ደጅ ወደ ደቀ መዛሙርቱ እንደገባ ይጠቅስና «እንደሚታመነውም ከእናቱ እንደተወለደ» ብሎ ይጨምራል። ጊዜ ወሊድ ማለት ይህ ነው፤ በወሊድ ሰዓት ማኅተሙ ሳይፈታ። «እንደሚታመነው» የሚለው ቃል ግን ሉተር ይህን የሚያስቀምጠው በቤተ ክርስቲያን ከታመነው ተቀብሎ እንጂ ከአንድ ጥቅስ አውጥቶ እንዳልሆነ ያሳያል። ይህ ክፍል ከጊዜ በኋላ በስምምነት ድንጋጌ ሰባተኛ አንቀጽ ውስጥ ገብቷል።

ከ1537 ጀምሮ በዮሐንስ ወንጌል ላይ በሰበካቸው ስብከቶች፣ ክርስቶስ የማርያም አንድያ ልጅ ነበረ፣ ከእርሱ ሌላ አልወለደችም ይላል። ወደ ቅፍርናሆም አብረውት ስለወረዱት «ወንድሞች» ሲናገር ግን፣ የዘመድ ልጆች ናቸው ወደሚሉት አዘንብሎ፣ እነዚህ የአክስት ልጆች ይሁኑ ወይም ዮሴፍ የወለዳቸው ለእምነት የሚጨምርም የሚቀንስም ነገር የለም ብሎ ያልፈዋል። የሽማግሌው ሉተር ቃል ከወጣቱ ጋር አንድ ነው፦ ይህን አምናለሁ፣ በዚህ ላይ ግን ማንንም አላስርም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማለፍ አልፈልግም። ሉተር በ1521 የምንኩስናን ስዕለት ተችቶ ጽፏል፣ በ1525 ካታሪና ፎን ቦራን አግብቶ ስድስት ልጆች ወልዷል። የማርያምን ዘላለማዊ ድንግልና መያዝ ጋብቻን ያረክሳል የሚል ክርክር ከወንጌላውያን ሁልጊዜ ይሰማል። ጋብቻን ከማንም በላይ ያከበረው ሰው ግን ሁለቱን አብሮ ይዞ ሞተ። ክርክሩ ጨርሶ መሠረት የለውም አልልም፤ በታሪክ ውስጥ አንዳንዶች ድንግልናን ከፍ ለማድረግ ትዳርን ዝቅ አድርገዋል። ነገር ግን አንዱ የግድ ሌላውን ያመጣል ማለት ትክክል አይደለም።

አንዲት የላቲን ቃል

በታህሣሥ 1536 ሉተር ራሱ የጻፋቸውና በ1537 በሽማልካልደን ከተማ ብዙ የነገረ መለኮት ሰዎች የፈረሙባቸው አንቀጾች አሉ። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ሥላሴና ስለ ሥጋዌ አጭር መግለጫ ነው። ሉተር በጀርመንኛ የጻፈው ወልድ «ከንጽሕት፣ ቅድስት ድንግል ማርያም» ተወለደ የሚል ነው። በላቲኑ ትርጉም ግን «ሴምፐር ቪርጎ» ይላል፤ ሁልጊዜ ድንግል፣ ወይም ግእዙ እንደሚለው ዘልፈ ድንግል። «ሴምፐር» የምትለዋ ቃል በሉተር ጀርመንኛ የለችም።

ከአራቱ አቋሞች መካከል ሁለቱ የሚለያዩት በዚህች ቃል ነው ብል ብዙም አላጋነንሁም። የእምነት መግለጫዎቹን ሁሉ የሰበሰበው የስምምነት መጽሐፍ ሰኔ 25 ቀን 1580 ታትሞ ወጣ፤ የላቲኑ እትም በ1584 ጸደቀ። እንግዲህ ቄሱ ሲቀባ የፈረመው በየትኛው ቋንቋ ነው? የጀርመንኛው ዋናው ነው የሚል አለ። ላቲኑም አባቶች የተቀበሉት ነውና እኩል ያስራል የሚል አለ። ሁለቱም ምክንያት አላቸው።

ለላቲኑ የሚከራከረው ወገን ሌላ ደጋፊ ጽሑፍ አለው፤ ቅድም የጠቀስሁት የስምምነት ድንጋጌ ስምንተኛ አንቀጽ። እዚያ ላይ ክርስቶስ መለኮታዊ ግርማውን በእናቱ ማኅፀን ሳለ እንኳ እንደገለጠ፣ ድንግልናዋ ሳይነካ ከድንግል እንደተወለደ፣ ስለዚህም እርሷ በእውነት የእግዚአብሔር እናት ሆና ሳለ ድንግል ሆና እንደቀረች ተጽፏል። ይህ በጀርመንኛውም አለ። ሐረጉ ስለ ጊዜ ወሊድ ግልጽ ነው። «ድንግል ሆና ቀረች» የሚለው እስከ ሕይወቷ ፍጻሜ ይዘልቃል ወይስ እስከ ወሊዱ ብቻ? እዚህ ላይ አንባቢዎች ይለያያሉ፤ እኔ ጸሐፊዎቹ እስከ ፍጻሜ ያሉት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ከጸሐፊዎቹ አንዱ የሆነው ማርቲን ኬምኒትስም ሆነ ከእርሱ በኋላ የመጡት እነ ዮሐን ጌርሃርት ያደጉበት ትምህርት ያ ነበር።

አራቱ አቋሞች

*አንደኛ፦ ትምህርት ነው፣ ያስራል።* ይህን የሚይዙት በስምምነት መጽሐፍ ላይ ሙሉ ፊርማ ካኖሩት መካከል ጥቂቶቹ ናቸው። ክርክራቸው ቀጥተኛ ነው፦ የእምነት መግለጫው «ሁልጊዜ ድንግል» ይላል፣ እኔ ፈርሜያለሁ፣ አለቀ። ጥንካሬው ወጥነቱ ነው፤ ከጥንት ቤተ ክርስቲያንም፣ ከኦርቶዶክስም፣ ከሮማም ጋር በአንድ ድምፅ ያስዘምራል። ድካሙ ደግሞ የሉተራን መርሕ ራሱ ነው፦ በመጽሐፍ ያልተገለጠ ነገር የእምነት አንቀጽ ሊሆን አይችልም። ሉተር ራሱ ያልጫነውን ሸክም በሌላ ሰው ትከሻ ላይ መጫን ከባድ ነው።

*ሁለተኛ፦ አምናለሁ፣ አላስገድድም።* ይህ የሉተር አቋም ነው ስል ከላይ ያነበባችሁት ምስክሬ ነው። ይህን የያዘ ሰው በጸሎቱና በመዝሙሩ «ዘላለማዊ ድንግል» ብሎ ሊጠራት ይችላል፤ ሌላው አማኝ ይህን ባይል ግን ከማዕዱ አያርቀውም። ድካሙ፣ ከሁለቱም ወገን ጥያቄ ማስነሣቱ ነው። ኦርቶዶክሱ «ካመንህ ለምን አታስተምርም?» ይላል፤ ሌላው ወንጌላዊ «ጥቅስ ከሌለህ ለምን ታምናለህ?» ይላል። ሁለቱንም በትዕግሥት መመለስ ይጠይቃል።

*ሦስተኛ፦ ክፍት ጥያቄ ነው።* በአሜሪካ የሚዙሪ ሲኖዶስ የተባለው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ታላቅ መምህር የነበረው ፍራንዝ ፒፐር (1852–1931) በዶግማ መጽሐፉ፣ አንድ የነገረ መለኮት ሰው ስለ ክርስቶስ ያለው ትምህርት በሌላው ሁሉ ቅን ከሆነ፣ ማርያም በኋላ በተፈጥሮ ሥርዓት ሌሎች ልጆች ወለደች በማለቱ ብቻ መናፍቅ ሊባል አይገባውም ብሎ ጽፏል። ከእርሱ ቀደም ብሎ በ1858 የሚዙሪው ካርል ቫልተር፣ ቄስ በእምነት መግለጫ ላይ ያለ ገደብ መፈረም ያለበት ስለ ትምህርቱ ነው እንጂ በመግለጫው ውስጥ ስላለ ስለ እያንዳንዱ የጥቅስ ፍቺና የታሪክ ቃል አይደለም የሚል መርሕ አስቀምጦ ነበር። የብዙ የሉተራን ቄሶች ኅሊና ዛሬ የሚያርፈው በዚህ መርሕ ላይ ነው። ጠቃሚ አቋም ነው፤ ሰላም ያመጣል። የማልወድለት ነገር ቢኖር ሰነፍ ልብ ሊደበቅበት መቻሉ ነው። «ክፍት ነው» ያለ ሰው መርምሮ ይበል እንጂ መመርመር ስለሰለቸው አይበል።

*አራተኛ፦ ሌሎች ልጆች ወልዳለች።* ይህ በአራተኛው ክፍለ ዘመን በሮም የነበረው ሄልቪዲዮስ የተባለ ሰው ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ በ383 አካባቢ የላቲን ቤተ ክርስቲያን አባት የሆነው ሂየሮኒሞስ (ጄሮም) በጽኑ ቃል መለሰለት። በሉተራን ቤት ጎልቶ የወጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ የጽሑፍ ምርመራ ሲስፋፋ ነው። ከሉተራን የአዲስ ኪዳን ሊቃውንት ቴዎዶር ሳን (1838–1933) በዚህ ወገን ነበረ፤ ሳን ደግሞ በጊዜው ከወግ አጥባቂዎቹ የሚቆጠር እንጂ ቃሉን የሚያቃልል ሰው አልነበረም። ዛሬ በብዙ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ምእመናን ዘንድ የተለመደው ይህ ነው፤ በአገራችንም ወንጌላውያን ዘንድ ከሁሉ የሚሰማው እርሱ ነው። ጥንካሬው ጥቅሱን በቀላሉ ማንበቡ ነው። ድካሙን ቀጥሎ እናየዋለን።

ጥቅሶቹን በሚዛን

ክርክሩ በአራት ቃላት ላይ ይሽከረከራል፦ «እስከ»፣ «በኩር»፣ «ወንድም» እና «እነሆ ልጅሽ»።

ማቴዎስ 1፥25 «የበኩር ልጅዋንም እስክትወልድ ድረስ አላወቃትም» ይላል። አራተኛው ወገን እዚህ ላይ ይቆማል፦ እስክትወልድ ድረስ ካላወቃት፣ ከወለደች በኋላ አወቃት ማለት ነው። እኛ ግን አማርኛ ተናጋሪዎች ነን። «እስክንገናኝ ደህና ሁኑ» ስንል ከተገናኘን በኋላ ታመሙ ማለታችን አይደለም። 2ኛ ሳሙኤል 6፥23 ሜልኮል «እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ ልጅ አልወለደችም» ሲል ከሞት በኋላ ወለደች ያለ የለም። «እስከ» የሚለው ቃል ትኩረቱን በፊት ባለው ላይ ያደርጋል፤ ስለ ኋላው ዝም ሊል ይችላል። ሉተርም ያለው ይህንኑ ነው። ይሁን እንጂ ለሌላው ወገን ፍትሕ ልስጥ፦ ማቴዎስ ይኸንኑ የግሪክ አነጋገር በሌሎች ቦታዎች ሲጠቀም፣ ለምሳሌ 13፥33 ሁሉ እስኪቦካ ድረስ፣ 18፥34 ዕዳውን እስኪከፍል ድረስ ሲል፣ ነገሩ ከዚያ በኋላ እንደሚለወጥ ይታሰባል። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን አይፈርድም፤ የሚፈርድ የሚመስላቸው ሁሉ ከሚችለው በላይ እያሸከሙት ነው።

«በኩር» ቀላሉ ነው፤ ብዙ ቃል አያስፈልገውም። በሙሴ ሕግ በኩር በአንድ ወር ዕድሜው ይዋጃል፣ ታናሽ እስኪወለድለት አይጠበቅም። አንድ ልጅ ብቻ ያለው ሰውም ያ ልጁ በኩሩ ነው።

«ወንድም» ላይ ግን ቆም እንበል። ማርቆስ 6፥3 ያዕቆብን፣ ዮሳን፣ ይሁዳንና ስምዖንን በስም ይጠራል፣ እኅቶችንም ይጨምራል። ሦስት ማብራሪያዎች ተሰጥተዋል።

የሄልቪዲዮስ ማብራሪያ ታናናሽ ወንድሞቹ ናቸው ይላል፤ የዮሴፍና የማርያም ልጆች። ሁለተኛው በሁለተኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈው የያዕቆብ ወንጌል ከሚባለው ጽሑፍ ጀምሮ የሚታወቅ፣ የቆጵሮሱ ኤጲስ ቆጶስ ኤጲፋንዮስ የደገፈው፣ በምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት በሰፊው የሚታመነው ነው፦ ዮሴፍ ከማርያም በፊት ካገባት ሚስት የወለዳቸው። ሦስተኛው የሂየሮኒሞስ ነው፦ የአክስት ወይም የአጎት ልጆች።

በእኛ ባህል የሦስተኛው ማብራሪያ ሐሳብ እንግዳ አይደለም። አንድ ሰው «ወንድሜ ነው» ሲል «የእናትህ ልጅ?» ብለን እንጠይቃለን፤ ስለማይታወቅ ነው የምንጠይቀው። ዕብራይስጡና አራማይኩ ለአክስት ልጅ የተለየ አንድ ቃል ስለሌላቸው አብርሃም ሎጥን «ወንድማማች ነን» ይለዋል፤ ሎጥ የወንድሙ ልጅ ነው። ሌላም ምልክት አለ፦ ማርቆስ 15፥40 ስቅለቱን ከሩቅ ትመለከት የነበረች ሌላ ማርያምን «የያዕቆብና የዮሳ እናት» ይላታል። በ6፥3 ከተጠሩት ስሞች ሁለቱ እነዚሁ ናቸው። ስሞቹ በዚያ ዘመን በጣም የተለመዱ ስለነበሩ መገጣጠም ሊሆን ይችላል፤ ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

በተቃራኒው ደግሞ፣ አዲስ ኪዳን የተጻፈው በግሪክ ነው፣ ግሪክ ለአክስት ልጅ የራሱ ቃል አለው፣ ጳውሎስም በቈላስይስ 4፥10 ስለ ማርቆስና ስለ በርናባስ ያንን ቃል ያውቃል። ስለ ጌታ ወንድሞች ሲናገር ግን በገላትያ 1፥19ም በ1ኛ ቆሮንቶስ 9፥5ም «ወንድም» ይላል። የሂየሮኒሞስን ማብራሪያ የሚይዝ ሰው ይህን መመለስ አለበት። እኔ በበኩሌ የኤጲፋንዮስን ማብራሪያ ከሦስቱ የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ «ወንድም» የሚለውን ቃል ሳያጣምም፣ በቤተሰቡ ውስጥ እንደ ታላላቅ ወንድሞች በጌታ ላይ ሥልጣን እንዳላቸው ሆነው በዮሐንስ 7 የሚናገሩትንም ያስረዳል። ታናሽ ታላቁን «ከዚህ ተነሥና ወደ ይሁዳ ሂድ» አይለውም፤ ታላቅ ግን ይላል።

ሄልቪዲዮሳውያን የሚያነሡት አንድ የብሉይ ጥቅስ አለ፦ መዝሙር 69፥8፣ «ለእናቴ ልጆችም እንደ እንግዳ»። የሚቀጥለው ቁጥር፣ «የቤትህ ቅናት በላኝ»፣ በዮሐንስ 2፥17 ለክርስቶስ ተነግሯል። ጥሩ ክርክር ነው። ግን የዚሁ መዝሙር 5ኛ ቁጥር ስንፍናና ኃጢአት ይናዘዛል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መስመር በቀጥታ ስለ ክርስቶስ ነው ማለት አይቻልም። በሌላው ወገን የሚጠቀሰው ሕዝቅኤል 44፥2፣ የተዘጋው በር፣ በምሥጢር ፍቺ ውብ ነው፤ ውዳሴና ቅኔ ያነጸ ጥቅስ ነው። ለሉተራን ክርክር ግን ማስረጃ አይሆንም፤ በቀጥታ የሚናገረው ስለ መቅደሱ በር ነው።

በዮሐንስ 19 ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጣት። ሌሎች ልጆች ቢኖሯት ኖሮ ለምን? በእኛ አገር ጧሪ ልጅ ያላት እናት ለጎረቤት አደራ አትሰጥም፤ በአይሁድም እንዲሁ ነበር። ወንድሞቹ በዚያን ጊዜ አላመኑበትም ነበር ተብሎ ይመለሳል፤ ሆኖም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በሐዋርያት ሥራ 1፥14 ከእናቱ ጋር አብረው ሲጸልዩ እናገኛቸዋለን። ይህ ለእኔ ከጥቅሶቹ ሁሉ ልቤን የሚነካው ነው። ማስረጃ ብዬ በማንም ላይ አልጭነውም፤ ሚዛኑን ግን ወደ አንድ ወገን ያዘነብልልኛል።

እንዴት ትመርጣላችሁ?

መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያናችሁ የተቀበለችውን ተመልከቱ። ሉተራን ሁሉ አንድ ዓይነት ፊርማ አላኖረም። የዴንማርክና የኖርዌይ ቤተ ክርስቲያን የስምምነትን ድንጋጌ አልተቀበለችም፤ በ1683 የወጣው የዴንማርክ ሕግ ከሦስቱ ጥንታዊ መግለጫዎች ጋር የአውግስቡርግንና ትንሹን ካቴኪዝም ብቻ ይጠራል። ስዊድን ግን በ1686 ሙሉውን የስምምነት መጽሐፍ ተቀብላለች። የሉተራን የዓለም ፌዴሬሽንም፣ መካነ ኢየሱስ ከ1963 ጀምሮ አባል የሆነችበት፣ «በተለይ» ብሎ የሚጠራው የአውግስቡርግን መግለጫና ትንሹን ካቴኪዝም ነው። በእነዚህ በሁለቱ ውስጥ «ድንግል» አለ፣ «ሁልጊዜ ድንግል» የሚል ግን የለም። ስለዚህ በእነዚህ ብቻ የታሰረ ሰው አንደኛውን አቋም በቤተ ክርስቲያን ስም ሊያስገድድ አይችልም። በሙሉው መጽሐፍ ላይ የፈረመ ደግሞ አራተኛውን ከመያዙ በፊት የላቲኑን ቃልና የስምንተኛውን አንቀጽ ሐረግ ምን እንደሚያደርጋቸው በኅሊናው ፊት ይመልስ።

ለልጆችና ለወጣቶች የምታስተምሩ ከሆነ ሦስተኛውን አቋም ተጠቅማችሁ ሁለተኛውን አሳዩአቸው። ማለቴ፣ ሦስቱን የ«ወንድም» ማብራሪያዎች በግልጽ አስቀምጡ፤ ሉተርም እንዴት ያምን እንደነበር ሳትደብቁ ንገሯቸው። ሄልቪዲዮስን ብቻ እንደ ወንጌል እውነት እያስተማርን ያሳደግናቸው ልጆች፣ ሲያድጉ ሉተር ራሱ በሌላ ወገን እንደነበረ ሲያውቁ ምን ይላሉ?

ኦርቶዶክስ ቤተሰብ ያላችሁ፣ ወይም በጋብቻ ልትገቡበት ያሰባችሁ፣ አራተኛውን አቋም ብትይዙም እንኳ በማዕድ ላይ መዶሻ አታድርጉት። ስለ እናቲቱ በንቀት የሚነገር ቃል ስለ ልጁ የምንመሰክርበትን ጆሮ ይዘጋል። ሉተር በ1521 የማርያምን የምስጋና ጸሎት ሲተረጉም እንዳደረገው፣ ከእርሷ ስለ ጸጋ መማር ይቻላል፤ እግዚአብሔር ትሕትናዋን እንዳየ፣ ታላቅ ሥራም እንዳደረገላት። የአውግስቡርግ መግለጫ መከላከያም ማርያም ታላቅ ክብር እንደሚገባት፣ ስለ ቤተ ክርስቲያንም እንደምትጸልይ ይናገራል፤ የማይቀበለው በክርስቶስ ቦታ መቆሟን ነው። ይህን ድንበር ጠብቃችሁ ክብሯን መናገር ትችላላችሁ።

በዚህ ላይ አንድ የታሪክ ምስል አብሮኝ ይኖራል። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ቪተንበርግ መጥቶ ከሉተርና ከሥራ ባልደረባው ከሜላንክቶን ጋር በአስተርጓሚ ስለ እምነት ተነጋገረ፤ ሲሄድም ሉተር የድጋፍ ደብዳቤ ጻፈለት። ሚካኤልና ሉተር በዚያ ክፍል ሲቀመጡ፣ አንዱም ሌላውም ማርያምን ዘላለማዊ ድንግል ብሎ የሚጠራ ነበር። በመካከላችን እንደ ግንብ የቆመ የሚመስለን ነገር በዚያ ቀን ግንብ አልነበረም።

የኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው። ጥቅሶቹ በግድ አይሉኝም፤ ግን ከጥንት አባቶች ጀምሮ እስከ ሉተርና እስከ ኬምኒትስ የተቀበሉትን ለመተው የሚበቃ ምክንያት አላገኘሁም። የጸሎት ቡድናችን ወንድም አራተኛውን እንደያዘ ነው፤ ባለፈው እሑድ ከአንድ ጽዋ ጠጣን።

ባለፈው ግንቦት ለአክስቴ መልሱን ጨረስሁላት። «እትዬ፣ ጌታን ድንግል ሆና ወለደችው ብለን ሁላችንም እናምናለን። ከዚያ በኋላም ድንግል ሆና ኖረች ብዬ እኔ አምናለሁ። ከእኛ መካከል እንዲህ የማይል አለ፤ እርሱንም ወንድሜ ነው እላለሁ።» ዝም ብላ ቆየችና «እንግዲያ ንፍሮውን ብላ» አለችኝ።